ሦስተኛውን ፍሪጅ ገና አይግዙ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሁለት ፍሪጅ አለኝ። አንዱ የለስላሳ አከፋፋይ የሰጠኝ ባለ መስታወት በር ነው፤ ሌላው ተራ የቤት ፍሪጅ ነው። የመብራት ሂሳቤ እየጨመረ ትርፌን እየበላው ነው። የሰፈሩ እናቶች ደግሞ ‹ቲማቲም፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ወተት ለምን አትይዢም?› ይሉኛል። አንዴ ቲማቲም፣ ጎመንና ሰላጣ አምጥቼ ግማሹ ስለተበላሸብኝ ተውኩት። ለአትክልት የሚሆን ሌላ ፍሪጅ ልግዛ ወይስ ነገሩን ልርሳው?»

ምላሽ፦ አይርሱት፤ ፍሪጁንም ገና አይግዙት። የእኔ ሥራ ፍሪጅ መጠገን ነውና ሰው ፍሪጅ ባይገዛ አልጠቀምም። ግን እውነቱን ልንገርዎት። ቲማቲምዎን ያበላሸው የፍሪጅ እጥረት አይመስለኝም። ሰው ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው አትክልት አብዛኛው ፍሪጅ አይፈልግም። እንዲያውም አንዳንዱ ፍሪጅ ሲገባ ይበላሻል። በአንጻሩ አሁን ያሉዎት ሁለት ፍሪጆች ከሚገባቸው በላይ እየበሉ እንደሆነ እገምታለሁ። ስለዚህ ከመብራቱ እንጀምር። እዚያ የሚተርፈው ብር ነው አትክልቱን የሚያስጀምርዎት።

መጀመሪያ የትኛው ምን ያህል እንደሚበላ ይወቁ። ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም፤ ቆጣሪው ይነግርዎታል። ማታ 3 ሰዓት ሱቅ ሲዘጉ መብራቱን፣ ሚዛኑን፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ አጥፍተው ሁለቱን ፍሪጆች ብቻ ይተዉ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ጠዋት 1 ሰዓት ሲከፍቱ፣ ምንም ነገር ሳያበሩ፣ እንደገና ያንሱት። የሁለቱ ልዩነት ፍሪጆቹ በ10 ሰዓት የበሉት ነው። በ2.4 ቢያባዙት የሙሉ ቀኑን ግምት ያገኛሉ። ቀን ላይ በሩ ስለሚከፈትና ስለሚሞቅ እውነተኛው ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። በማግሥቱ ማታ የመስታወቱን ፍሪጅ ነቅለው በቤት ፍሪጁ ብቻ ይድገሙት። አሁን እያንዳንዱ ምን እንደሚበላ በእጅዎ ነው። የካርድ ቆጣሪ ከሆነም፣ የቀረውን በኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ፍጆታ መለኪያው ነው) የሚያሳይ ከሆነ፣ በዚያው መንገድ ይሠራል። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ከሌላ ሱቅ ወይም ከቤት ጋር በአንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስትዎታል።

ደህና የሆነ የቤት ፍሪጅ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ባለ አንድ መስታወት በር የመጠጥ ፍሪጅ ከ3 እስከ 6 ሊደርስ ይችላል። መስታወት ብርድ አይይዝም፤ በሩ በቀን መቶ ጊዜ ይከፈታል፤ ውስጡም መብራት አለው። የእርስዎ ከዚህ በላይ ካሳየ አንድ የታመመ ነገር አለ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ስለተወሰነ፣ ፍጆታው ባለበት ቢቆይ እንኳ ሂሳቡ መጨመሩ አይቀርም። መቀነስ የሚችሉት ፍጆታውን ነው።

አሁን የመስታወቱን ፍሪጅ ከሶኬት ይንቀሉና ከታች በፊት በኩል ያለውን ባለ ቀዳዳ ሽፋን ይፍቱ። ሁለት ወይም አራት ብሎን ነው። ከውስጥ እንደ መኪና ራዲያተር ያለ ቀጫጭን ቆርቆሮ የተደረደረበት ነገር ያያሉ። ኮንደንሰር ይባላል። ፍሪጁ ከውስጥ የሳበውን ሙቀት የሚጥለው በእሱ በኩል ነው። ሽሮና ዱቄት እየመዘኑ በሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይሄ ቦታ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። የዱቄት ብናኝ፣ የመንገድ አቧራና ፀጉር ተደባልቆ ግራጫ ብርድ ልብስ ይሆናል። በጣት ሲነኩት እንደ ጨርቅ ተገንጥሎ ይነሳል። በዚያ ላይ ፍሪጁ ሙቀቱን መጣል ስለማይችል ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል። ሂሳቡ ይጨምራል፣ መጠጡም በደንብ አይቀዘቅዝም። ባለቤቱ ደግሞ አልቀዘቀዘም ብሎ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያውን፣ እስከ መጨረሻው ያጦዘዋል።

በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀጫጭኑን ቆርቆሮ ሳያጣምሙ ያጽዱት። ካለዎት በአየር ቢነፉት ጥሩ ነው። በውሃ አይጠቡት። ይሄን በወር አንዴ ቢያደርጉ፣ በበጋ አቧራው ሲበዛ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከማውቃቸው መላዎች ሁሉ ርካሹ ነው። የቤት ፍሪጅዎ ከኋላው ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ ካለው እሱንም ይጥረጉት፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ፍሪጁ ላይና ጎኑ ላይ የተከመረውን ካርቶንም ያንሱ።

አዲስ አበባ ላይ ይሄ የአየር ነገር ከሌላው ቦታ በላይ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከተማ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የፍሪጁ ፋን እዚህ ሲዞር የሚያሳልፈው አየር ያንሳል፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአየራችን ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፤ መተንፈሻውን በካርቶን ከደፈኑት ግን አያካክሰውም።

ቀጥሎ በሩን ይዩ። ደብተር ላይ ያለ አንድ ወረቀት በሩ መሀል አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ላስቲክ ሰንፏል። ዙሪያውን በየቦታው ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው ከታች በማጠፊያው በኩል ነው። አንዳንዴ ላስቲኩ ቆሽሾ ብቻ ነው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ይመለሳል። ከተቀደደ ማስለወጥ ነው። ለላስቲክ የሚከፍሉት በጥቂት ወራት የመብራት ሂሳብ ይመለሳል።

ፀሐዩን አይርሱት። ብዙ ሰው የመጠጥ ፍሪጁን በራፍ ላይ ያቆመዋል፤ መንገደኛ እንዲያየው ነው፤ ይገባኛል። ግን የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ በቀጥታ ከገባ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ጋር ነው የሚታገለው። አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ወይም በር ላይ አጭር ሸራ መወጠር ይበቃል።

ፍሪጁ ውስጥ ያለው መብራት የቆየ ቱቦ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍልዎት። አንዴ ለመብራቱ፣ አንዴ ደግሞ መብራቱ ያሞቀውን ፍሪጁ መልሶ ለማቀዝቀዝ። በኤልኢዲ ይቀየር። የሱቁ ጣሪያ ላይ ያሉትም እንደዚያው፤ ባለ 36 ዋት ቱቦ ከነባላስቱ (ቱቦውን ከሚያስነሳው ዕቃ ጋር) 45 ዋት ገደማ ይበላል፤ ያንን የሚተካው ኤልኢዲ 18 ዋት ነው።

የለስላሳውን ፍሪጅ ማታ ያጥፉት። ውስጡ ለስላሳና ውሃ ብቻ እስካለ ድረስ ማታ ቢጠፋ ምንም የሚበላሽ ነገር የለም። ጠዋት ሲከፍቱ ያብሩት፤ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ኮካ የሚጠየቀው ረፋዱ ላይ ነው። ከፍሪጁ ፍጆታ ሩብ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። አንድ ጥብቅ ነገር ግን አለ። ወተት፣ እርጎ፣ ሥጋ ያለበት ፍሪጅ በፍጹም አይጠፋም፤ ለአንድ ማታም ቢሆን። ስለዚህ ወተቱ የቤት ፍሪጁ ውስጥ ይሁን፣ መጠጡ መስታወቱ ውስጥ። እንዲህ ካልለዩ ማታ ማጥፋቱ አይቻልም። አከፋፋዩ በሰጠዎት ፍሪጅ ውስጥ ሌላ ዕቃ ማስገባት በውላችሁ ተከልክሎ ሊሆን ስለሚችልም መለየቱ ከጭቅጭቅ ያድንዎታል።

የቤት ፍሪጁ በረዶ ቤት በግማሽ ሴንቲ ሜትር በረዶ ከተሸፈነ ያቅልጡት። በረዶው ብርዱን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ነቅለው፣ በሩን ከፍተው፣ ትኩስ ውሃ ያለበት ድስት ውስጡ ያስቀምጡ። ቢላዋ አይጠቀሙ! ከሚመጡልኝ ፍሪጆች ስንቱ በቢላዋ ተበስቶ ጋዙ የወጣበት መሰለዎት። አንድ ጭረት የፍሪጁን ግማሽ ዋጋ ሊያስወጣ ይችላል።

አሁን ወደ አትክልቱ እንሂድ። እኔ በግሌ ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሰፈር ውስጥ ትኩስ ነገር ሲገኝ የሚጠቀመው ታክሲ ይዞ ገበያ ለመሄድ ጊዜ የሌለው ሰው ነው።

ቲማቲም ፍሪጅ አይገባም። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሥጋው እንደ ዱቄት ይሆናል። የሚፈልገው ጥላና አየር ነው። ያኔ የተበላሸብዎት፣ እንደሚመስለኝ፣ በሳጥኑ እንዳለ ስላስቀመጡት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ታች ያለው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃል፤ አንዱ ሲፈርጥ ፈሳሹ ሌላውን ያበሰብሳል። ዕቃው እንደገባ፣ ያኔውኑ፣ አውጥተው ይለዩት። አረንጓዴ የቀላቀለው ከሦስትና አራት ቀን በኋላ ለሚሸጥ፣ ቀዩ ለዛሬና ለነገ፣ የተፈነከተው ደግሞ ዛሬውኑ በቅናሽ። «ለስልስ» ብለው ለብቻው በትንሽ ሳህን ቢያስቀምጡት እስከ ማታ ይወሰዳል። ጥሩውን ከአንድ ወይም ከሁለት ድርብ በላይ አይደርድሩ፣ በግንዱ በኩል ወደታች ያድርጉት። አይጠቡት። ውሃ የነካው ቲማቲም ቶሎ ይሻግታል፤ ገዢው ቤቱ ይጠበው።

ድንችና ሽንኩርት ደግሞ አይስማሙም። ድንች እርጥበት ይወጣዋል፣ ሽንኩርቱ ያንን ሲያገኝ ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል። ያራርቋቸው። ሽንኩርት ደረቅና ነፋሻ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያሳልፍ ከረጢት። ድንች ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ሲያገኝ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴው መራራ ነው፣ ሆድም ይጎዳል፤ ለደንበኛ አይሸጥም። ባንኮኒው ሥር በማዳበሪያ ሸፍነው ማስቀመጥ ይበቃል።

ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ከገባ ቆዳው ይጠቁራል። ስለዚህ ፍሪጅ በፍጹም። ይንጠልጠል። የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ኢትሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ አጠገቡ ያለውን ጎመን ያስቢጫል፣ ካሮቱንም መራራ ያደርገዋል። ስለዚህ ሙዝዎ በአንድ ጥግ፣ ቅጠላ ቅጠሉ በሌላው። ይሄው ጋዝ ግን ይጠቅምዎታል። ጠንካራ አቮካዶ ከመጣልዎት ከሙዙ ጋር ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡት፤ በሁለት በሦስት ቀን ይበስላል። የበሰለው ካልተሸጠ ያኔ ፍሪጅ ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።

እንቁላል የእኛ አገሩ አብዛኛው ያልታጠበ ስለሆነ ፍሪጅ ሳይገባ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆያል። አይጠቡት፤ የተፈጥሮ ሽፋኑ ይለቃል፣ ጀርም ይገባል። ሹል ጫፉ ወደ ታች ይሁን። አንዴ ፍሪጅ ያስገቡትን ደግሞ እያወጡ አያስገቡ፤ ያልበዋል።

ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ ግን ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳሉ። እናቶቹ ከጠየቁዎት ውስጥ በእርግጥ አስቸጋሪው ይሄ ነው፣ እዚህ ጋ ነው የሸክላው ነገር የሚመጣው። አንድ ትልቅ ሸክላ ውስጥ አነስ ያለ ሸክላ ያስገቡ። በመሀላቸው አሸዋ ይሙሉ፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። አፉን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። ውሃው በትልቁ ሸክላ ቆዳ በኩል ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የመጠጥ ውሃ በእንስራ የሚቀዘቅዝበት ዘዴ ነው። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ይሄን በሰሜን ናይጄሪያ ገበሬዎች መሀል አስፋፍተው በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሮሌክስ ሽልማት አግኝተውበታል። መብራት የሚባል ነገር አይነካውም።

አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ በጣም ይሠራል። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ብዙም አይተንም፤ ሸክላውም ያን ያህል አያቀዘቅዝም፤ ያኔ ግን ከተማው በራሱ ቀዝቃዛ ነው። ሸክላው ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይሁን። መደርደሪያ ውስጥ ከሸጎጡት አይሠራም። ካሮት በዚህ ውስጥ ሳይጠወልግ ይቆያል። ጎመኑን እንደ አበባ ግንዱን ውሃ ውስጥ አቁመው በረጠበ ጨርቅ ቢሸፍኑትም ይሆናል። የሚረጩት ውሃ ግን የሚጠጡት ዓይነት ይሁን፤ ሰላጣ ጥሬውን ነው የሚበላው። ወተት በሸክላው ውስጥ አያስቀምጡ፤ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።

የወተት ቦታው የቤት ፍሪጁ ነው፤ 4 ዲግሪ። ቁጥር እያነበቡ እንጂ በግምት አይሁን፤ ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ይግዙ። የላስቲክ ወተቱን በር ላይ አያስቀምጡ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚሞቀው እዚያ ነው። ወደ ኋላ፣ ወደ ታች ያድርጉት። ባዶ ቦታ ካለ በሃይላንድ ውሃ ይሙሉት። ውሃው ብርድ ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወተቱን ያቆይልዎታል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ይታገሳል። ከዚያ በላይ ከጠፋና ቴርሞሜትሩ ከ5 በላይ ቆይቶ ከሆነ ያንን ወተት ለልጅ ላላት እናት አይሽጡላት። ኪሳራው የእርስዎ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ይንቀሉት፤ ሲመለስም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። ሞተር የሚያቃጥለው ያ የመጀመሪያው ግፊት ነው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ዲቫይደር አይሰኩ።

አንድ ነገር ደግሞ የሱቅ ሰው ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ግን ከፍሪጁ ጋር ሲያያዝ አላየሁም። ጾም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ልጆችና የማይጾሙ ሰዎች ይቀራሉ። አትክልት ደግሞ ያኔ ነው የሚፈለገው። ረቡዕና ዓርብም በትንሹ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የአትክልት ግዢዎ ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን። በጾም ወተቱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ጎመንና ካሮቱ በፍሪጁ ግማሽ ይቀመጥ። ያኔ ሸክላውም ቢሆን ዕረፍት ያገኛል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ገዢው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ወተትና ቴምር ይፈልጋል። የሰፈርዎን ሰው ስለሚያውቁት ይሄን ማስላት ለእርስዎ ከባድ አይሆንም።

አትክልቱን ለብቻዎ አያምጡት። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ ሃይሌ ጋርመንት ከገባ ወዲህ ከጀሞ ያን ያህል አይርቅም። ግን ለአንድ ሱቅ የሚሆን ትንሽ ዕቃ ለማምጣት የመኪና ኪራዩ ትርፉን ይበላዋል፤ ኪራዩን ለማካካስ ብዙ ሲገዙ ደግሞ ይበላሻል። አጠገብዎ ካሉ ሁለት ሦስት ባለ ሱቆች ጋር ተራ ይግቡ። ዛሬ አንዱ ሄዶ ለሁሉም ያመጣል፣ ሐሙስ ሌላው። አንድ ሳጥን ቲማቲም ለሦስት ሲካፈል ለሁለት ቀን የሚበቃ ይሆናል፤ ሁለት ቀን የሚቆይ ነገር ለመሸጥ ፍሪጅ አያስፈልግም። ተፎካካሪ ናቸው አይበሉ። ደንበኛው ሰፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ አትክልት እንደሚገኝ ሲያውቅ ነው ሌላ ቦታ መሄድ የሚተወው።

በትንሹ ይጀምሩ፤ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ እንቁላል። ከዚያ ሙዝ። ጎመንና ካሮት በሦስተኛው ሳምንት። ሰላጣ መጨረሻ ላይ፤ ከሁሉም ቶሎ የምትበላሽ እሷ ናት።

ከሁለት ወር በኋላ ወተቱ በየቀኑ እያለቀ፣ ቦታ እየጠበበዎት ከሆነ፣ ያኔ ፍሪጅ ይግዙ። አሮጌ ሰፊ ፍሪጅ በርካሽ አይግዙ። ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ቆመው ይዩት። ሞተሩ በመሀል ካላረፈ ይተዉት። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ግን ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ እሱን በዚህ አይለኩት። በሩን በወረቀት ይፈትኑት። ከኋላ ቧንቧው ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ ጋዝ ተሞልቶለታል ማለት ነው፤ ለምን እንደፈሰሰ ይጠይቁ። መስታወት በር ለወተት አያስፈልግዎትም፤ ወተት እንዳለዎት በር ላይ በካርቶን ቢጽፉት ይበቃል። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የዓመት ፍጆታው በኪሎዋት ሰዓት ከተጻፈ ለ365 ያካፍሉትና ማታ በቆጣሪ ካገኙት ቁጥር ጋር ያስተያዩት።